ቀይ ካፖርት የለበሰችው መለኪያ

ግቢ፣ ግቢ የኔ እህት! ደረጃው አደከመሽ አይደል? አራተኛ ፎቅ ድረስ ያንን ሁሉ ጨርቅ ተሸክመሽ! ቁጭ በይ፣ ትንፋሽሽን ሰብስቢ። የዛሬው ቀን ደግሞ ግራ ያጋባል፤ መስኮቱን ቢከፍቱት ይበርዳል፣ ቢዘጉት ይታፈናል። በሩን ግን ክፍቱን ተይው። አይ፣ አንረብሽም… እዚያኛው ክፍል ሰው እየጻፈ ነው፤ ሥራ የያዘ ሰው ደግሞ ምን ይሰማል ብለሽ ነው? እኛ ወሬያችንን እናውራ።

ቀሚሱ ለቅዳሜ ነው። የፎቶ ኤግዚቢሽን ተጠርቻለሁ። ያ የተራራው ሐይቅ፣ በረዶው ሲቀልጥ በየዓመቱ ፎቶ የሚነሳው፤ ኮሪደሩ ላይ ስታልፊ አላየሽውም? ዐሥራ ስምንት ፎቶ፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት። አንድ የማውቀው ሰው ነው ያነሳቸው። ስሙን ልተወው፤ ትሑት ነው፣ ስሙ ሲነሳ አይወድም… ከፎቶው ሥር ካልሆነ በቀር።

ምን ያለ ሰው መሰለሽ! በረዶው መሰንጠቅ ሲጀምር ያንን ዳገት ስድስት ሰዓት ሙሉ ይወጣዋል። ድንጋዩ ላይ በነጭ ቀለም ሦስት ነጥብ አድርጓል፤ የካሜራው ማቆሚያ ሁልጊዜ እዚያው ላይ ነው የሚያርፈው፣ አንዲት ጣት አይዛነፍም። የሠርጉን ቀን ብትጠይቂው ወሩን ያስታውሳል። እሱም ቀላል አይደለም።

ፎቶዎቹ ጥግ ላይ ቀይ ካፖርት የለበሰች ሴት አየሽ? ጀርባዋን የሰጠችው? እኔ ነኝ! ሳቂ፣ ሳቂ፣ እኔም እስቃለሁ። ነፋሱ የሐይቁን በረዶ እየሰባበረ ዳር ላይ ይከምረዋል። ክምሩ ምን ያህል እንደሆነ ለሚያይ ሰው እንዲገባው፣ አጠገቡ ቁመቱ የታወቀ ነገር መቆም አለበት። ያ ነገር እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ዓመት ክምሩ ከራሴ በላይ ነበር። ከዚያ ትከሻዬ ጋ፣ ከዚያ ወገቤ ጋ… አምና ጉልበቴንም አላለፈ። ያየ ሁሉ ለበረዶው አዘነ። ይታዘንለት፣ ማን ይከለክላል?

«ፊትሽን አዙሪ፤ ፊትሽ ዓይን ይስባል» ይባል ነበር። እኔ ሞኟ! ቁንጅናዬን ማድነቅ መስሎኝ፣ ጀርባዬን ለካሜራ፣ ፊቴን ለነፋስ ሰጥቼ ስቆም ኖርኩ። ከንፈሬን ሁሉ ቀለም እቀባ ነበር እኮ! ለማን? ለበረዶው? አንድ ዓመት ደግሞ በማስነጠሴ ፎቶው ደበዘዘና ሳምንቱን በሙሉ ይቅርታ ስጠይቅ ከረምኩ።

ክንዴን ላንሳ? እሺ። ወገቡን ጠበቅ አታድርጊው፤ ይሄ ወገብ ፎቶው ላይ ያየሽው ወገብ አይደለም። ክምሩ በየዓመቱ ሲቀንስ እኔ እየጨመርኩ ነው። እሱን ግን የመዘገበው የለም።

ዘንድሮ ደግሞ አረፍኩልሽ፣ እግዜር ይስጠው! በእኔ ቦታ የሚቆም ዘንግ ተገዛ። አሉሚኒየም፣ ቀይና ነጭ የተቀባ፣ ከታች እስከ ላይ ቁጥር የተጻፈበት። ሐሙስ ሁለቱ፣ እሱና ዘንጉ፣ ይወጣሉ፣ እኔ ቤት እቀራለሁ። «አንቺ እረፊ» ተባልኩ። እንዴት ያለ አሳቢ ነው! ዘንጉ አይበርደው፣ ሻይ አይል፣ አያስነጥስ፣ መኪና ውስጥ ስለ እናቱ የጉልበት ሕመም አያወራ… ኮሪደሩ ላይ፣ ካፖርቴ ከተሰቀለበት አጠገብ ቆሞልሻል። ጠዋት ጠዋት ሳልፍ ሰላም እለዋለሁ። የሥራ ባልደረባዬ አይደል?

አልዋሽሽም፣ ከፍቶኛል። ያንን ዳገት ጠልቼው አላውቅም ነበር። በዓመት አንድ ቀን፣ ከሩቅም ቢሆን፣ በካሜራ ውስጥም ቢሆን፣ ሰው ወደ እኔ አቅጣጫ ያይ ነበራ! አለቀስኩ መሰለሽ? ጉንፋን ነው።

በይ አሁን ቁመቴን ለኪኝ። ቆይ፣ ጫማዬን ላውልቅ… ስንት ሆነ? ጮክ በይ እስቲ፣ ጆሮዬ ሰሞኑን ደከም ብሏል። አንድ ሜትር ከስድሳ ሦስት? እስቲ ድገሚልኝ። አንድ ሜትር ከስድሳ ሦስት!

አይገርምም? ከኤግዚቢሽኑ ጋር የሚወጣው መጽሐፍ ላይ፣ በእያንዳንዱ ፎቶ ሥር «የሴትዮዋ ቁመት አንድ ሜትር ከሰባ» ተብሎ ተጽፏል። ነገ ጠዋት ማተሚያ ቤት ይገባል። የበረዶው ክምር ሁሉ የተሰላው በዚያ ነው፤ ዐሥራ ስምንቱም ከተጻፈው ያንሳሉ ማለት ነዋ! ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ማንን እወቅሳለሁ? አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ታኮ ጫማ ላይ ቆሜ «ቁመትሽ ስንት ነው?» ስባል «ሰባ» አልኩ። ሰባት ሳንቲ ሜትር ቁንጅና ለራሴ መረቅሁ። ታኮው በዓመቱ ተሰበረ፣ ሰባው ግን እስካሁን ቆሟል። በየዓመቱ «ዘንድሮ እናገራለሁ» እያልኩ እወጣለሁ፣ አፌን ይዤ እወርዳለሁ። ደግሞም እውነቱን ልንገርሽ፣ መናገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም ነበር። ሰው ሚስቱን ሲያቅፍ ራሷ የት ጋ እንደሚደርስ አያውቅም? አገጩ ጋ ነው ወይስ ደረቱ ጋ? ለካ እሱም በዘንግ ካልተለካ አይታወቅም።

ግን ጥንቃቄውን አድንቂለት! የካሜራው እግር አንዲት ጣት ቢዛነፍ ያውቃል። ሚስት… ማለቴ መለኪያ፣ ሰባት ሳንቲ ሜትር ብትጎድል ምን ትጎዳለች?

እሽሽ… ሰማሽ? የኪቦርዱ ድምፅ ቆመ። ጨርሶ ይሆናል። አይ፣ መሳቢያ ተከፈተ፤ ካልኩሌተር እየተፈለገ ነው። እዚህ ክፍል ድረስ ስምንት እርምጃ ነው። ከእኔ ይልቅ ካልኩሌተሩ ይቀርበዋል።

ለማንኛውም ቀሚሱን በስድሳ ሦስቱ ስፊው፤ ቅዳሜ ጠፍጣፋ ጫማ ነው የማደርገው። ለዚያ ለማውቀውም ሰው እግዜር ሐሙስን ብራ ያድርግለት፣ ዳገቱን ያቅልልለት። ፊቷን አዙራ የምትቆም ሲመኝ ኖሮ፣ ጭራሽ ፊት የሌለው ተሰጠው፤ እግዜር ለካ የልቡን ያይለት ነበር! ዘንጉ አይታጠፍበት፣ ቁመቱንም አይዋሸው። ሲመለሱም ከመኪናው አውርዶ፣ ጥብቅ አድርጎ አቅፎ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ያውጣው… የት ጋ እንደሚደርስለትም ያኔ ያየዋል። አሜን በይ እንጂ! ያዝልቅላቸው።