ለውሻው የመጣ ዳቦ

(ከቀትር በኋላ፣ ከሆስፒታል በር አጠገብ በቆመ የተማሪዎች ሰርቪስ ሚኒባስ ውስጥ፤ ሾፌሩ መንገሻና ረዳቱ ስንዱ የመንገሻን የእንቅልፍ ምርመራ ውጤት ከሐኪሙ ሰምተው መውጣታቸው ነው።)

መንገሻ፦ ስንድዬ፣ በእመብርሃን ይዤሻለሁ! ትምህርት ቤቱ እስኪዘጋ ብቻ ዝም በይልኝ። ሰኔ ደረሰ እኮ።

ስንዱ፦ ሐኪሙ ምን አለ? «ሕክምናውን ሳትጀምር መሪ እንዳትነካ» አላለህም? አጠገብህ ቆሜ ሰምቻለሁ ጋሼ።

መንገሻ፦ ሐኪም መቼ ክልከላ ጠፍቶት! እሱ እንደሆነ ጨው ተው፣ ቅቤ ተው፣ መተንፈስ ተው ነው ሥራው።

ስንዱ፦ መተንፈሱንስ ራስህ ተውከው። ጉሮሮህ እየተዘጋ፣ ትንፋሽህ ሲቋረጥ ሲቀጥል ነው የሚያድረው አለህ እኮ። አንተ እንቅልፍ የምትለው እንቅልፍ አይደለም። ለዚህ ነው ቀን ቀን የሚጥልህ።

መንገሻ፦ እኔ ማንኮራፋት ብቻ መስሎኝ! ባለቤቴማ ዱካክ ነው ብላ ትራሴ ሥር ቢላ ስታስቀምጥ ስንት ዘመን። ምርመራው ላይ ያደርኩ ለታ ደግሞ አናቴ ላይ ሽቦ፣ ደረቴ ላይ ቀበቶ፣ ጣቴ ላይ መቆንጠጫ… እንደ ተበላሸ ሬዲዮ ነው የሠሩኝ።

ስንዱ፦ ይኸው ተገኘልህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አንተ እኮ መድኃኒቱ ተነግሮህ ነው የምትደብቀው።

መንገሻ፦ የቱ መድኃኒት? ቀዶ ጥገናው ለአንተ አይሆንም አለኝ። ክብደት ቀንስ አለኝ፤ ይሄ ቦርጭ ስንት ዓመት የለፋሁበት በሳምንት ይሄዳል? በጎንህ ተኛ አለኝ፤ እሺ፣ ከተኛሁ በኋላ በየት በኩል እንዳለሁ በምን አውቃለሁ?

ስንዱ፦ ማሽኑስ? አፍንጫ ላይ የሚደረገው፣ አየር እየነፋ ጉሮሮህን ከፍቶ የሚያሳድረው? ዋናው እሱ ነው ብሎሃል።

መንገሻ፦ ያንን ፊቴ ላይ ለጥፌ ከሚስቴ ጎን ልተኛ? ደንግጣ ትሙትብኝ? ደግሞ መብራት ሲጠፋስ?

ስንዱ፦ መብራት የጠፋ ለታ እሷ ትቀሰቅስሃለች፤ በማግሥቱ መኪና አትነዳም፣ አለቀ! ሰኞ መጥተህ ለሙከራ ውሰድ ብለውሃል። ተሽሎሃል፣ ንዳ እስኪሉህ ተተኪው ሾፌር ሱሌማን ይንዳልህ።

መንገሻ፦ ሱሌማን አንዴ ከያዘው ይለቀዋል? እኔ ከመሪ ሌላ ምን አውቃለሁ? ሾፌሩ ይተኛል ከተባለ ደግሞ የትኛው ወላጅ ነው ልጁን የሚሰጠኝ?

ስንዱ፦ እኔስ ልጅ ቢኖረኝ የምሰጥህ ይመስልሃል?

መንገሻ፦ አንቺም እንዲህ ትይኛለሽ?

ስንዱ፦ እላለሁ። ቁልቁለቱ ላይ ዓይንህ ተከድኖ አይቼሃለሁ ጋሼ። ስጮህ ነው የነቃኸው። የመንገዱ ጠርዝ ባይይዘን ኖሮ ከፊታችን የነበረው ገልባጭ ሥር ነበርን።

መንገሻ፦ ተይ፣ አታንሺብኝ። ወንበሩ ላይ የተጋጨው የዚያች የሶልያና ግንባር… ገና ኬጂ ናት እኮ! እብጠቱ ከዓይኔ አልጠፋም።

ስንዱ፦ ለእናቷ ግን «ውሻ ገባብኝ» አልካት።

መንገሻ፦ ምን ልበል? አፌ ላይ መጣ! አንቺም «አዎ፣ ጥቁር ውሻ» ብለሽ አዳመቅሽልኝ።

ስንዱ፦ አልኩ፤ ምነው ምላሴን በቆረጠው! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል ዳዋው እንኳ አለ፤ እኛ የሌለ ውሻ ፈጥረን፣ እኔ ቀለም ቀባሁት። ቤተሰብ ያስተዳድራል ብዬ አዘንኩልህ። የእነዚያን ሁሉ ልጆች እናቶች ግን አላሰብኩም። አሁን እኔም እንቅልፍ የለኝ። ያንተ እንኳ በሽታ ነው፤ የኔ ኅሊናዬ ነው።

መንገሻ፦ በቃ፣ ግንባሯም ድኗል። ከእንግዲህ መስኮት እከፍታለሁ፣ ሎሚ እይዛለሁ፣ አንቺም ሳንቀላፋ ቆንጥጪኝ።

ስንዱ፦ ክንድህ በጥፍሬ በልዞ አልቋል እኮ! ልጆቹን ልጠብቅ ወይስ አንተን? ኧረ ሳይቃጠል በቅጠል!

መንገሻ፦ እሺ ዛሬን ብቻ! ቁርስ ሳልበላ መጥቼ፣ ተራ ስጠብቅ በቀመስኳት ቁራሽ ዳቦ ነው ያለሁት፤ አንቺ ደግሞ አንጀቴን አታሳርሪው። ልጆቹ ሊወጡ ነው፣ ላስነሳው።

ስንዱ፦ ቆይ፣ ቆይ። የምን ዳቦ?

መንገሻ፦ ዳሽቦርዱ ውስጥ የነበረችው ነቻ፣ በናፕኪን የተጠቀለለችው። ማርማላታ ያላት። ያንቺ መስላኝ ነው፤ እተካልሻለሁ።

ስንዱ፦ የኔ አይደለችም። የሶልያና ናት።

መንገሻ፦ ውይ! የልጅቷን ምሳ በላሁባት?

ስንዱ፦ ምሳዋ አይደለም ጋሼ። ለውሻው ያመጣችው ነው።

መንገሻ፦ ለየትኛው ውሻ?

ስንዱ፦ ለየትኛው ይሆናል? ጠዋት ጠዋት ከምሳዋ ቆርሳ ትሰጠኛለች። «ውሻው ዳነ? ጋሽ መንገሻ ሲያገኘው ይስጥልኝ» ትለኛለች። በእኛ ምክንያት ተገጭቶ እንደሆነ ብላ ማታ ማታ ታለቅሳለች አለችኝ እናቷ። ውሻ የለም ልላት እልና አፌ አይታዘዝልኝም።

መንገሻ፦ ወይኔ! ወይኔ መንገሻ! ግንባሯን ያሳበጥኩት እኔ፣ የምታለቅሰው እሷ? ዳቦዋንም እኔው ልብላው?

ስንዱ፦ በል እንግዲህ አስነሳው፣ ዝም እልልሃለሁ። ግን ስትገባ ዓይኗን እያየህ «ውሻው በላልሽ» የምትላት አንተ ነህ።

መንገሻ፦ …እንቺ ቁልፉን።

ስንዱ፦ ምን ላድርገው?

መንገሻ፦ ለሱሌማን ደውዪለት፤ እዚሁ መጥቶ ይረከበኝ። እኔ ከኋላ፣ ከሶልያና ጎን እቀመጣለሁ። ውሻ የሚባል እንዳልነበረ፣ ዳቦዋንም የበላሁት እኔ እንደሆንኩ እነግራታለሁ። ቤቷ ስንደርስ ደግሞ ወርጄ ለእናቷ።

ስንዱ፦ «ጥቁር ነው» ያልኩት እኔ ነኝና አብሬህ እወርዳለሁ። ግን ጋሼ፣ መንገድ ላይ እንቅልፍ ቢጥልህስ?

መንገሻ፦ ይጣለኝ ስንድዬ። መሪው እኔ ጋ የለ።