ጊታሩን ከመሸጡ በፊት

ከጢስ ዓባይ ወደ ባሕር ዳር በሚኒባስ ስንመለስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ እናት አጠገባቸው ያለውን የራስ ቅል የተሳለበት ጥቁር ቲሸርት የለበሰ ወጣት አናገሩት።

«ልጄም እንዲህ ያለ ልብስ አለው። ዴዝ ሜታል የሚሉትን ጩኸታም የፈረንጅ ሙዚቃ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ስማልኝ። ከጓደኞቹ ጋር እንደ ድሮዎቹ በካሴት የቀዱት ነው፤ ወደ ስልኬ ገልብጦልኛል። ሰው ሲስቅበት ጊታሩን ዛሬ እሸጣለሁ ብሎ ተነሣ። እኔ ደግሞ ጥሩውን ከመጥፎው አልለየውም።»

ወጣቱ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ቆየ።

«ይሄ የሚያገሳው ማነው?»

«ልጄ ነዋ! ጉሮሮውን አያመውም?»

«ካወቀበት አያምም። እሱ ደግሞ ያውቅበታል።»

«እኔን ለማስደሰት እንዳይሆን።»

«እውነቴን ነው፣ ልጅዎ ጎበዝ ነው። ከበሮው ግን ወደ ኋላ ይቀራል።»

«ከበሮ መቺውማ ትቷቸው ሄደ! ተስፋ የቆረጠው ለዚያም ጭምር ነው።»

«እኔ ከበሮ እመታለሁ።»

«በዚህ ቀጭን ክንድህ?»

«በዚሁ ክንዴ። ይደውሉለትና ያገናኙን።»

«አንተው ደውልለት። መጀመሪያ ግን ጊታሩን እንዳይሸጥ ንገረው!»

ስልኩ ሲጠራ እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ መልሼ ጉልበቴን በጣቴ እንደ ከበሮ መታ መታ አደረግሁ።