የእህቴ ቤት ሊፍት

እንዴት ዋሉ፣ እትዬ? ጉልበትዎ ተሻለው? መዝገብ ቤቱን ቀለም ቀባችሁት መሰለኝ... አማረበት። እኔማ ለእህቴ ጉዳይ ስመላለስ ደረጃችሁን በቃሌ ይዤዋለሁ።

የቤቱ ግምት ደርሶናል፤ እግዜር ይስጥልን። ቤቱ የሟች ባሏና የወንድሙ የጋራ አይደል? ወንድምየው ድርሻዋን በግምቱ ልክ ሊገዛት ነው። ሰኞ ኃላፊው ከፈረሙበት ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ትወጣለች። በዚያ ግምት ደግሞ የት ትገባለች? ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የሚላከው የበሰለ ሰው ነው። የተላኩት ገማችም መብሰላቸው... ከመኪና እንኳ አልወረዱም። መስታወቱን ዝቅ አድርገው አዩና መልሰው ዘጉት። ውሻውን ፈርተው ነው አሉ። ውሻው ጥርሱ ከረገፈ ሦስት ዓመቱ ነው... ቢሆንም ጥንቃቄ የባለሙያ ነው።

ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባል የለ? የእሳቸው ልብ ዓይናቸውን አያስቸግርም። አሥር ጊዜ ለክቶ አንዴ መቁረጥ ለልብስ ሰፊ ነው። ሜትራቸው ይኸው መስኮቱ ሥር ጠረጴዛቸው ላይ፣ ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። ዕቃ አያያዝ ያውቃሉ።

ከጓሮ ያሉት ሦስት ክፍሎች ሪፖርቱ ውስጥ የሉም። ልጆቹ የት ሲያድሩ እንደኖሩ እንጃ። ግን አልበደሉንም፤ ገጽ አራት ላይ «ሊፍቱ በጥሩ ሁኔታ ይሠራል» ብለውልናል። ፎቅ ለሌለው ቤት፣ እትዬ። እህቴ በሩን ስትፈልግ ዋለች። ክፉ ሰው ቢሆን፣ የሌላ ሕንፃ ሪፖርት ገልብጠው አድራሻ ብቻ ቀየሩ ይል ነበር። እኔ ግን... ለድካሙ የሚሳሳ ሰው አንዴ የጻፈውን መጣል አይሆንለትም እላለሁ።

ፊርማቸውማ እንዴት ያምራል። «በአካል ተገኝቼ አይቻለሁ፤ ለትክክለኛነቱ ኃላፊ ነኝ» ከሚለው ሥር ተንደላቆ ተቀምጧል። ኃላፊነት እንዲህ እጅ ሳይንቀጠቀጥ ነው።

ምነው በዓይንዎ ይጠቅሱኛል? እያመሰገንኩ አይደል? መስኮቱ ሥር ያሉት ሰውም የሰሙ አይመስለኝም... አንዷን ገጽ ይዘው ቆይተዋል፤ ሥራ በዝቶባቸው ነው።

ይቺን የድጋሚ ልኬት ማመልከቻ ከሰኞ በፊት ለኃላፊው ያድርሱልኝ። ክስ እንዳይመስላቸው፤ አንድ ሰው መጥቶ ጓሮውን በእግሩ ይርገጥልን ነው የምትለው።

ለገማቻችንም ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ለፍተው የሠሩትን ቤት ልጆቻቸው የሚካፈሉበት ቀን ሲደርስም... ልክ እንደ እሳቸው ያለ ገማች ይላክላቸው። አሜን ይበሉ እንጂ፣ እትዬ።