አርባ ወይስ ሰማንያ?

ሄሎ? … ሄሎ! … ማን ልበል? … ትንሴ? አንቺ ነሽ እንዴ! ቁጥርሽ አልወጣም፤ ያ "የመኪናዎ ኢንሹራንስ ሊያልቅ ነው" የሚለው ሰውዬ መስሎኝ ልዘጋብሽ ነበር። መኪና እንኳ የለኝም።

… አዎ፣ ሲና ነኝ። የእማን ስልክ ሌላ ማን ያነሳል? የዚህ ቤት ሴክሬታሪ፣ አስተርጓሚና ፎርም ሞይ እኔ አይደለሁ? ደሞዝ የለውም እንጂ ሥራስ ሞልቷል።

… ደህና ነን። አባዬ ሰው ሊያደርስ ኤርፖርት ሄዷል። እማ መኝታ ቤት ሻንጣ እያዘጋጀች ነው … አዎ፣ ዛሬ! በረራው እኮ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል አልኳት። "እንግሊዝ እዚህ አትላንታ አጠገብ ያለው ስኮትዴል መሰለሽ፣ የረሳሁትን ተመልሼ የምወስደው?" አለችኝ።

— እማ! ትንሳኤ ናት! … ቆይ፣ እጇን በርበሬ ነክቶታል። "ሆድሽ እንዴት ነው?" ትልሻለች። … — ደህና ነኝ፣ እንቅልፍ ብቻ ነሳኝ ትላለች፣ እማ!

እሺ፣ አሁን ንገሪኝ። የሳህኑ ጦርነት የት ደረሰ? … አሁንም? … ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልያዘው። ጎረቤትሽ ማርጋሬት የፖም ኬክ በሳህን ይዛ መጣች። አንቺ የእማ ልጅ ነሽ፣ የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም ብለሽ አልጫ ሞልተሽ መለስሽላት … እሺ … እሷ ደግሞ የእናንተ ሕግ ይሄ መስሏት ያንኑ ሳህን ብስኩት ሞልታ አመጣችው። … አንቺ ሳምቡሳ … እሷ የዶሮ ፓይ … ትንሴ፣ ይሄ ስንተኛ ዙር ነው? … አስራ አንድ! ኧረ አንዳችሁ እጅ ስጡ! ቤት ውስጥ ወታደር ባል ተቀምጦልሽ ተኩስ አቁም እንኳ አያደራድርም?

… ፊልጶስ? ምን ሆነ? … አደባባይ ውስጥ ገብቶ መውጣት አቃተው? … አራት ጊዜ ዞረ! እዚህ ኬኔሶ አውራ ጎዳና ላይ በአንድ እጁ እየነዳ አምስት ሌን የሚያቋርጥ ሰውዬ? … ዩኒፎርሙን እንደለበሰ? የአሜሪካ አየር ኃይል እኮ ነው፣ ትንሽ አያፍርም? … እና አደባባዩ አጠገብ አበባ የሚያጠጣው ሽማግሌስ? … በዞረ ቁጥር እጁን እያወዛወዘ ሰላም አለው! … አራቱንም ጊዜ! … በቃ፣ ሆዴን አመመኝ።

… አይ፣ እኔማ ልስቅበት አልችልም። እኔ በለመድነው በቀኝ በኩል መንዳትም አቅቶኛል። ባለፈው እሑድ አባዬ መንዳት ሊያስተምረኝ አቮንዴል እስቴትስ ባዶ ፓርኪንግ ወሰደኝ። ያን ሁሉ ባዶ ቦታ ትቼ እዚያ የነበረችውን አንዲት ጋሪ ገጨሁ። … የሱፐርማርኬት ጋሪ። … አይ፣ ሰው አልያዛትም። ቆማ ነበር። … አባዬ ምን አለ? ወርዶ ጋሪዋን ይቅርታ ጠየቃት።

… ትኬቱ? ተቆርጧል! ትናንት፣ በእነዚህ ሁለት እጆች! … ፊልጶስ ለአለቃው ቀኑን ሊነግር ነው? እሺ፣ ላፕቶፑን ላምጣ … ጻፊ። እማ ሜይ ሃያ ስድስት ትገባለች። አንቺ ጁን ሁለት ትወልጃለሽ፤ እባክሽ በቀኑ ውለጂ፣ ፕሮግራም አታበላሺብኝ። ጁላይ አስራ አምስት ትመለሳለች።

… ሄሎ? … ትንሴ፣ ትሰሚኛለሽ? … ሄሎ?

… ለምን አስራ አምስት? ቆጥሬ ነዋ! እማ "ክርስትናውን ሳላስነሳ አልመለስም፣ ቀኑን አንቺ ቁጠሪው" አለችኝ፣ በካልኩሌተር ቆጠርኩ። አርባው ጁላይ አስራ አንድ ይውላል። አራት ቀን ለዕረፍት ጨመርኩ። ጎበዝ አትይኝም?

… ምን ልጅ ነው? ምን ልጅ ነው ትይኛለሽ እንዴ? ራስሽ አይደለሽ የነገርሽኝ? … ቆይ፣ ቀስ ብዬ ላውራ፣ የእማ ጆሮ ከዚህ ዴኬተር ይሰማል … ሴት ናት። ከጃንዋሪ ጀምሮ አፌን ይዤ፣ እኔ፣ ምስጢር ደብቄ! ታሪክ ነው ይሄ። … እና? ምን አጠፋሁ? ሴት ልጅ በአርባ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች፣ ወንድ ደግሞ በ …

… ወንድ በአርባ።

… ሴት በሰማንያ።

… ኦ ማይ ጋድ።

ቆይ። ሽንት ቤት ልግባ። … አይ፣ ልደበቅ ነው።

… ትንሴ፣ አትስደቢኝ፣ እኔው ራሴን ልስደበው። ሰባት ዓመት ሰንበት ትምህርት ቤት ተመላልሻለሁ። ሰባት ዓመት! እዚያ የተማርኩት ነገር ቢኖር ስልክ በነጠላ ስር እንዴት እንደሚነካ ነው። ከማላውቀው ሁሉ አሁን ያስፈለገው ይቺ አንዲት ቁጥር! … ትስቂያለሽ?

… አትስቂም። … ትንሴ? … ታለቅሻለሽ እንዴ?

… ፊልጶስን ምን ሊያደርጉት? … ዲፕሎይ? ለግዳጅ ሊልኩት? መቼ ተነገራችሁ? … ዛሬ ጠዋት። … ጁላይ አንድ ይሄዳል። ስድስት ወር። … የት እንደሆነ አይነገርም፣ እሺ። … እና እሱ ጁላይ አንድ ይሄዳል፣ እማ ጁላይ አስራ አምስት ትሄዳለች፣ ከዚያ አንቺና የስድስት ሳምንት ሕፃን ከማርጋሬት ሳህን ጋር ብቻችሁን … ይቅርታ። ይቅርታ፣ አፌ ነው፣ ታውቂዋለሽ።

… አይሆንም። ልጅሽን ብቻሽን ታቅፈሽ ቤተ ክርስቲያን አትቆሚም። ስሚኝ፣ አይሆንም አልኩሽ። አባትየው የለ፣ አያትየዋ የለች … ምን ዓይነት ክርስትና ነው?

… መቀየር? አይቀየርም። ርካሽ ነው ብዬ የማይቀየረውን መረጥኩ። ከሥሩ በቀይ ተጽፏል፤ ቀይ ደግሞ … ማስታወቂያ መስሎኝ። … ቆይ። ቆይ፣ ሌላም ነገር ይላል። በተቆረጠ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ካንሰል ማድረግ ይቻላል! … ትናንት በስንት ሰዓት ነው የቆረጥኩት? ከትምህርት ቤት ገብቼ፣ ቺፕስ በልቼ … ኢሜይሉ ላይ አለ፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ አራት ከአስር። … አሁን ሦስት ከአርባ ሁለት ነው። ሃያ ስምንት ደቂቃ አለን!

… መሰረዙንማ እሰርዘዋለሁ። ግን እማ ከሥራ ስንት ቀን አስፈቅዳ ይሆን? … አልጠየቅኳትም። ሴክሬታሪዋ ይቺ ናት። የምትሠራበት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ሰባት ሳምንት ብቻ ፈቅዶላት ከሆነስ? … ሄጄ "ጨምሪ" ብላት "ለምን?" ትላለች። ለምን የሚለውን ከነገርኳት ደግሞ ሴት መሆኗን አወቀች። … አዎ! ያኔ አንቺ ልትነግሪያት ስትይ ስልኩን ሶፋ ላይ ጥላ የሮጠች ሴትዮ እኮ ናት! "እግዜር የሸፈነውን እኔ በማሽን አልገልጥም" ብላ።

… እሺ። ሳልነግራት እጠይቃታለሁ። ዘዴ አለኝ። … ጋሪ የገጨችው ልጅ ዘዴ አላት፣ አዎ፣ አመሰግናለሁ። አንቺ ዝም ብለሽ ስሚ።

— እማዬ … ዝም ብዬ ነው የምጠይቅሽ … አይ፣ ምንም አልሆንኩም … ከሥራ ስንት ጊዜ ነው የፈቀዱልሽ? … ምን? … እስቲ ድገሚልኝ?

… ትንሴ፣ ሦስት ወር አለች! — እማ፣ ለምን ሦስት ወር?

… "ወንድ ይሁን ሴት ሳላውቅ በየትኛው ልጠይቃቸው ኖሯል? በትልቁ ነዋ! ወንድ ከሆነ የተረፈውን ልጄ ቤት አርፋለሁ፣ ሴት ከሆነች ሰማንያዋን አደርሳለሁ" ትላለች። … ሰማሽ? እኔ እያወቅኩ ያበላሸሁትን እሷ ሳታውቅ አስተካክላዋለች!

— ትኬቱማ … ትኬቱ ላይ ትንሽዬ ስሕተት … የኔ ስሕተት ነው፣ እማ። የመመለሻ ቀን ነው። በትልቁ ላደርገው ነው። … "ከቀኑ ሌላ ምን አጥፍተሻል?" ትላለች። ሌላ ምንም! … እስካሁን።

እሺ፣ ከኔ ጋር ነሽ? … ካንሰል … "እርግጠኛ ነዎት?" ይለኛል። ኧረ ነን! … እየዞረ ነው … እየዞረ ነው … ፊልጶስ ሆነብኝ እኮ፣ አይወጣም … ተሰረዘ! ሦስት ከሃምሳ ሰባት!

አሁን አዲሱን። አይ፣ እኔን አታስቆጥሪኝ፣ አንቺ ቁጠሪ። በጣትሽ። … ሰማንያው ኦገስት ሃያ። ጨምሪበት … ኦገስት ሃያ አምስት። ስሟን ፊደል በፊደል ላንብብልሽ፣ ተከታተይኝ … ልክ ነው? … ከአትላንታ ለንደን እንጂ ከለንደን አትላንታ አላደረግኩም አይደል? … አይ፣ እየሰራሁ ነው የምጠይቀው። … ተቆረጠ። ትንሴ፣ ተቆረጠ! ኢሜይሉ ገባ!

… በቃ፣ አታልቅሺ። አሁን ደግሞ በደስታ ነው? ልዩነቱን በስልክ አላውቀውም እኮ፣ ንገሪኝ። … ማርጋሬት? … ለንደን ቤተ ክርስቲያን ድረስ በመኪናዋ ልታደርሳችሁ? … እሷ ራሷ ጠየቀችሽ? … ትንሴ፣ ለዚህችማ አስራ ሁለተኛ ሳህን ይገባታል! አደባባዩንም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትዞረው።

— መጣሁ፣ እማ! … ሻንጣ ልትመዝን ነው። እኔ ሻንጣውን ታቅፌ ሚዛኑ ላይ እቆማለሁ፣ ከዚያ የኔ ክብደት ይቀነሳል። … የኔን አልነግርሽም፣ የማርጋሬትን ብስኩት ላኪና እንተያያለን። … ኡፍ … ሃምሳ አንድ ፓውንድ! የሚፈቀደው ሃምሳ ነው። — እማ፣ አንድ ነገር መውጣት አለበት። … በርበሬው አይነካም። … በሶው አይነካም። … የገንፎው ዱቄትማ፣ አራስ ምን ልትበላ ነው፣ አይነካም። … "አንቺው የማያስፈልገውን አንዱን አውጪ" ትላለች።

እስቲ … ከላይ ሁለት ካርቶን አለ … ኦ፣ ትንሴ! የክርስትና ልብስ ነው! ሁለቱንም ገዝታለች! አንዱ ቀሚስ ነው፣ ጥለት ያለው፣ የአሻንጉሊት የሚያክል። አንዱ ሱሪ፣ ከነካባው፣ ከነጫማው … ሲያምር! … ቆይ፣ ስልኩን ልያዘው … — ይሄ ይቅር፣ እማ፣ ይሄ ምን ያደርጋል፣ ጫማው ራሱ ይከብዳል! … በይ አሁን … ሃምሳ! ልክ ሃምሳ! ዝጊው!

… ሄሎ? … የትኛውን ነው ያወጣሁት? የወንዱን ነዋ፣ የሴቷን ላወጣ ነው እንዴ …

… ኦ ኖ።

… እያየችኝ ነው። … ሱሪውን አነሳችው … አጠፈችው … አልጋው ላይ አስቀመጠችው … ቀሚሷን ደግሞ ደረቷ ላይ ይዛ … አሁንም እያየችኝ ነው።

— እማ፣ እኔ ምንም አላልኩም! ክብደቱን አይቼ ነው! … ትንሴ፣ አራት ወር የደበቅኩትን በአንድ ፓውንድ!

… ቆይ፣ አትዝጊ፣ ስሚ … ሰማሽው? እልል እያለች ነው! … ሁለት … ሦስት … ለሴት ሦስት ነው አይደል? … እኔ ምን አውቃለሁ፣ የሆነ ቁጥር አለው … አራት … አላቆመችም … አምስት … ላይ ቤት ያለው ሰውዬ ወለሉን እየደበደበ ነው … ስድስት … ሰባት!

— እማ፣ ሰባት እኮ ለወንድ ነው!

… "አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቁጥር የምታውቂው? ስልኩን አምጪ" አለችኝ። … ያውልሽ። ቻው።