የሌላዋ ጫልቱ ቅጣት

ከሲሬ ወደ ነቀምቴ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡት አንዲት አስተማሪና አንድ ሽማግሌ ያወራሉ።

«ባሌና ልጄ ነቀምቴ ናቸው፣ ኦቦ። ዝውውር ግን ከለከሉኝ።»

«ምን አጥፍተሽ ነው፣ ልጄ?»

«ተማሪ ደብድበሽ ተቀጥተሻል አሉኝ።»

«ደበደብሽ?»

«እኔ አይደለሁም። ጊዳ አያና ወረዳ ውስጥ እስከ አያቷ ድረስ ስሟ ከእኔ ጋር አንድ የሆነ አስተማሪ አለች። የእሷ ቅጣት እኔ ፋይል ውስጥ ገባ።»

«የአንቺ ወረቀትስ የት ገባ?»

«ዲግሪዬ እሷ ፋይል ውስጥ ነው። የደረጃ እድገት አገኘችበት።»

«ጎበዝ ናት። አሁንስ ምን አሉሽ?»

«እሷ አለመሆንሽን የሚያውቁ ሦስት ምስክሮች አምጪ አሉኝ።»

«አንዱ እኔ ነኝ። እሷን ብትሆኚማ አድገሽ ነበር።»

አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩትን የዞኑ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ መታወቂያ ቀስ ብዬ ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩት።