ላይኛው ኩሬ ውስጥ የደፋሁት መርዝ አይደለም

ስም፦ ነጅዋ ሙዘይን
ዕድሜ፦ 17
አድራሻ፦ ሐይቅ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር
ትምህርት፦ ከ9ኛ ክፍል ያቋረጠች
ሥራ፦ ዓሣ እርባታ
ቃል የተሰጠበት፦ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡20 ሰዓት፣ እናቷ ወ/ሮ ኢንሳፍ ባሉበት

ቃሌን የምሰጠው ማንም አስገድዶኝ ሳይሆን «ዓሣ ገዳይ» የሚል ስም ከተማውን ስለዞረብኝ ነው። ሐይቁ ዳር ሁለት ኩሬ አለ። የላይኛው የጎረቤቴ የጋሽ ሽታው ነው፣ የታችኛው የኔ። ውኃው በአንድ ቦይ ከሳቸው ወደ እኔ ይወርዳል። የሳቸው ዓሣ ካስነጠሰ የኔ ይታመማል ማለት ነው።

ባለፈው ወር የሳቸው ዓሣ ጎኑ መቁሰል ጀመረ። የዓሣ ባለሙያዋ እየሩስ ደግሞ ለኔ ኩሬ ጥሩ ባክቴሪያ ያለበት ዱቄት ሰጥታኝ ነበር። በስኳር ውኃ ተበጥብጦ፣ ጄሪካን ውስጥ ክዳኑ ላላ ተደርጎ ያድራል። ኩሬ ውስጥ ሲደፋ እድፉን ይበላል፣ ለክፉው ባክቴሪያ ቦታም ምግብም አይተውለትም። ለጋሽ ሽታው ሦስት ጊዜ ነገርኳቸው። «በሽታ ልትደፊብኝ? ዘጠነኛን ሳትጨርሺ ዶክተር ሆንሽ?» አሉኝ። «ዶክተር ቢነግርዎትስ ይሰሙ ነበር?» አልኳቸው። እናቴ እዚህም «አደብ ግዢ» እያለችኝ ነው፤ ያልኩትን ግን አልክድም።

ማክሰኞ ግንቦት 12 ከጠዋቱ 3 ሰዓት አጥራቸውን ዘልዬ ግማሽ ጄሪካን ደፋሁ። ቢስሚላህ ብዬ ነው የደፋሁት፤ ጋሽ ሽታው «ድግምት ስትደግም ሰማኋት» ያሉት እሱን ነው። ሲጮሁብኝ አልሮጥኩም። «ምን ጨመርሽ?» ሲሉኝ «ባክቴሪያ» አልኳቸው። ራሳቸውን ይዘው ቁጭ አሉ።

6 ሰዓት ገደማ ቦዩ በረኪና በረኪና ሸተተኝ። ቀና ስል ጋሽ ሽታው ኩሬያቸው ውስጥ በረኪና በባልዲ ይደፋሉ። «ጋሼ፣ ይተው! ዓሣውን ይጨርሱታል!» አልኩ። «ያንቺን ጉድ ነው የማጥበው!» አሉኝ። ሮጬ የቦዩን አፍ በአሸዋ ጆንያ ደፈንኩት። 10 ሰዓት ላይ የሳቸው ዓሣ በሙሉ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ። የኔ ተረፈ። አሁን የኔ ዓሣ አለመሞቱ ማስረጃ ተብሎ ቀረበብኝ፤ ከቀበሌም ነገ ኩሬሽ ይፍሰስ ተብያለሁ። አራት ሺህ ዓሣ ነው ጭቃ ላይ የሚቀረው።

ሳይፈቀድልኝ ሰው ግቢ ገብቻለሁ። ለሱ ቅጡኝ። ኩሬዬ ግን ምን አጠፋ? የሳቸው ውኃ ይመርመር። ባዶ የበረኪና ጠርሙሶቹም አጥራቸው ሥር አሉ፣ ሰባት ናቸው፣ ማንም ሄዶ ይያቸው። ጋሽ ሽታው ክፉ ናቸው አላልኩም፤ ኩሬው ዳር ተቀምጠው ሲያለቅሱ አይቻለሁ፣ አንጀቴን በልተውኛል። ቢሆንም ያላደረግሁትን አልሸከምላቸውም።

በኤግዚቢትነት የተያዘው ጄሪካን የተረፈው ግማሹ ነው። ክዳኑ ጠብቆ ስለታሸገ ጠረጴዛው ላይ እየተነፋ ነው፣ ሳጅንም እያዩት ነው። መርዝ አይተነፍስም፣ ይሄ ይተነፍሳል። ካላላሉት ቢሮውን ያጥባል። ቃሌ ላይ «መርዝ» ተብሎ የተጻፈውም ካልተሰረዘ አልፈርምም ብዬ ተሰርዟል።

ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ከአፌ የወጣው ይኸው ነው፣ አንዷንም ቃል አላጥፍም።

ቃል ሰጪ፦ ነጅዋ ሙዘይን (ፊርማ)
እናት፦ ወ/ሮ ኢንሳፍ (የጣት አሻራ)
ቃል ተቀባይ፦ ረዳት ሳጅን ምስጋናው (ፊርማ)

ማስታወሻ፦ ከጠዋቱ 5፡10 ሰዓት የጄሪካኑ ክዳን እንዲላላ ተደርጓል።