መጠይቁ ላይ የሌለ ምሳ

አቅም ግንባታ ሰውን ከሰው ያቀራርባል ይባላል። አያቀራርብም። ባለፈው ሳምንት ከሸርቆሌ ወደ አሶሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር የመጠይቅ ክምር ታቅፎ ነበር። ከጎኑ አንድ የቤርታ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

“ኡስታዝ፣ ይሄ ወረቀት ምን ይጠይቃል?” አሉ ሽማግሌው መምህሩን።

“የተለያየ ሙያ ያላቸው ሰዎች አቅም ግንባታን እንዴት እንደሚረዱት ነው፣ አባባ።”

“ምን አሉ?”

“መሐንዲሱ ማሽን ነው አለ። ነርሷ ስልጠና ነው አለች። የግብርናው ሰው ምርጥ ዘር ነው አለ።”

“እኔን አልጠየቅክም።”

“የሚሞላው ባለሙያ ብቻ ነው።”

“አርባ ዓመት ማሽላ የዘራ ባለሙያ አይደለም?”

“ዲግሪ የለዎትማ!” ብሎ ሳቀ።

“አንተ ዲግሪ አለህ። ምሳ ከማን ጋር ትበላለህ?”

“ብቻዬን።”

“ሁልጊዜ?”

“እዚህ ከተመደብኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ሁልጊዜ።”

“ይሄን ሁሉ ሰው ጠይቀህ ‘ቤቴ ና’ ያለህ የለም?”

“ሞልተው ይመልሱልኛል፤ ከዚያ እሄዳለሁ።”

“እኔ ቀጥሎ ያለው መንደር ላይ ወራጅ ነኝ። ገንፎ በባሚያ አለ። ና።”

“ዛሬ መጠይቁን ማስረከብ አለብኝ። ሌላ ጊዜ፣ አባባ።”

“ሌላ ጊዜ ቤቴን በምን ታውቃለህ?”

መምህሩ ክምሩን አስተካክሎ ታቀፈ።

“ወራጅ አለ!” አሉ ሽማግሌው።

መምህሩ ጉልበቱን ሰብስቦ አሳለፋቸው።

ሚኒባሱ ሲነሳ መምህሩ ክምሩን ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠ፤ እናንተ ግን “ቤቴ ና” የሚላችሁ ካገኛችሁ፣ ውረዱ።